ስለ ንግድ ስም መመዝገቢያ ቃላት አተረጓጐም፤ ከይፋት ገበያ እስከ ዐረብኛው መዝገብ

የንግድ ስም የሚመዘገብባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ ዐረብኛ የመመለስ ሥራ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ አገር ጉዳይ ይመስላል። በሰሜን ሸዋ ከደብረ ሲና ቁልቁል እስከ ሸዋ ሮቢት ያሉትን ገበያዎች ለተመለከተ ሰው ግን ጉዳዩ የቅርብ ነው። የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ በዚያም ዐረብኛ ከፈረንሳይኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ነው። በምዕራብ የሱዳን፣ በባሕር ማዶ የየመንና የሳዑዲ ዐረቢያ ነጋዴዎች ወረቀታቸውን በዐረብኛ ይጽፋሉ። ከይፋትና ከወሎ ወጥተው በዐረብ አገር ሲሠሩ ቈይተው የተመለሱ ሰዎችም ባጠራቀሙት ገንዘብ ሱቅ ሊከፍቱ ሲነሡ፣ አንዱ ስማቸው በአማርኛ፣ በላቲንና በዐረብኛ ፊደል በየዐይነቱ ተጽፎ ያገኙታል።

እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። ሕግ ስለ ነጋዴ ስም የሚናገርባቸው ቃላት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ምን ይዘው ይሄዳሉ፣ ምንስ ጥለው ይቀራሉ? በእኛ አስተያየት ተርጓሚ ቃሉን ከመፈለጉ አስቀድሞ ሕጉ ለምን እንደ ተሠራ ሊጠይቅ ይገባዋል። ከዚህም ጋር የሙያ ቃል በትርጉሙ ይመለሳል፤ የሰውና የቦታ ስም ግን በድምፁ ይሻገራል። እነዚህ ሁለት ነገሮች የተደባለቁ እንደ ሆነ ጉዳቱ የሚደርሰው በነጋዴው ላይ ነው።

መዝገብ ሳይኖር የነበረ ስም

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማ በር ግርጌ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት ስፍራ ትገኛለች። ከርሷ በታች የተዘረጋው የይፋት ምድር አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው በገበያ የሚገናኙበት ነው። ይፋት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1285 ጀምሮ በወላስማ ነገሥታት ሥር ሆኖ ከዘይላ ወደብ ጋር ይነግድ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ ከሐረርና ከባሕር ጠረፍ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚሰፍሩባት የገበያ ከተማ ነበረች። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በ1842 በዚያች ከተማ ተቀምጦ ያየውን በ1844 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ገልጾታል።

በዚያ ጊዜ የንግድ ስም የሚጻፍበት የመንግሥት መዝገብ አልነበረም፤ ስም ግን ነበረ። ነጋዴው በራሱና በአባቱ ስም፣ በመጣበት አገር፣ በዋሱና በደላላው ይታወቅ ነበር። ዱቤ የሚሰጠው፣ አደራ የሚቀበለው፣ ቀረጥ የሚከፍለው በዚህ ስም ነበር። ስሙ የጠፋበት ነጋዴ ዕቃው በእጁ ሳለ ንግዱ ይቆምበታል። ነጋዴ የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ «ነጋዲ» ሲሆን መጀመሪያ መንገደኛን፣ ከዚያም ለንግድ የሚጓዘውን ሰው ያመለክታል። ዛሬ ሕግ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቋሚ አድራሻ ለጥንቱ ነጋዲ እንግዳ ነገር ነበር ማለት ነው።

ስለ ንግድ የሚናገር ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ጋር ጐን ለጐን ሆኖ በአማርኛ ከተጻፈባቸው ቀደምት ጊዜያት አንዱም በዚሁ አካባቢ የሆነ ነው። ካፒቴን ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ ከቦምቤይ ተልኮ በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ መጣ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 16 ቀን 1841 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። በሸዋ ከ1839 እስከ 1842 የነበረው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በዚህ ረገድ ረድቶታል። በባሕር ጠረፍና በደጋው መካከል ላሉት ነጋዴዎች ግን መገናኛው ቋንቋ ከቀድሞም ዐረብኛ ነበረ። ስለዚህ የእንግሊዝኛው የንግድ ቃል ከአማርኛው ጋር ሲገናኝ በዐረብኛ የተጠረገ መንገድ ቈይቶት ነበር።

የዚህ መንገድ አሻራ ዛሬም በገበያችን ቃላት ይታያል። «ሱቅ» በዐረብኛ ገበያው ሁሉ ነው፤ በአማርኛ ጠብቦ አንድ መሸጫ ቤት ሆነ። «ደላላ»፣ «ሰነድ»፣ «ፈረሱላ» ከዚያው የመጡ ናቸው። «ጉምሩክ» በቱርክኛና በዐረብኛ በኩል ወደኛ የገባ ቃል ሲሆን፣ ሥሩ በግሪክኛ በኩል እስከ ላቲኑ የንግድ ቃል «ኮሜርኪዩም» ይደርሳል። ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ንግድን የሚጠሩበት «ኮሜርስ» ከዚሁ ሥር የበቀለ ስለ ሆነ፣ አንዱ ቃል በሁለት በር ገብቶ በአንዱ ቀረጥ፣ በሌላው ንግድ ሆኖ ተገኘ።

ስሙ ወደ መዝገብ ሲገባ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ተሰጠ። የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም የነበረው የነጋድራስነት ማዕርግ ከዘመናዊው ሚኒስቴር ጋር የተያያዘው በዚህ አኳኋን ነው። በ1925 ዓ.ም. የማኅበራትና የኪሳራ ሕጎች ወጡ። ከዚያም ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ ጀምሮት፣ እርሱ በ1955 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸመው የንግድ ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ቁጥሩ 1175 የሆነው ይህ ሕግ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። «የንግድ መዝገብ»፣ «የንግድ ስም»፣ «የንግድ መደብር» የሚሉት ቃላት በሕግ ቋንቋችን የጸኑት በርሱ ነው።

ከርሱ በኋላ ምዝገባው በ1989፣ በ2002 እና በ2008 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተሻሽሏል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቷል። እነዚህን አዋጆች በሁለቱም ቋንቋ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። እንግሊዝኛው ምዝገባውን «ኮሜርሻል»፣ ፈቃዱን «ቢዝነስ» ብሎ በሁለት ቃል ሲለይ፣ አማርኛው «የንግድ ምዝገባና ፈቃድ» ብሎ ሁለቱን ባንድ ቃል ያጠቃልላል። በገበያም ሰው ሁለቱን ወረቀት «ንግድ ፈቃድ» ብሎ ይጠራቸዋል። ወደ ዐረብኛ የሚመልሰው ሰው ከአማርኛው ቢነሣ አንድ ቃል፣ ከእንግሊዝኛው ቢነሣ ሁለት ቃል ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ቃል ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ወደ ጎረቤቶቻችን ይመራናል።

ሁለት ዐረብኛ

በውጭ አገር በምማርበት ጊዜ አንድ ሱዳናዊ ባልንጀራዬ የንግድ ስምን «ኢስም አል-ዐመል»፣ ሲበዛም «አስማእ አል-አዕማል» ሲለው ሰማሁ፤ ቃል በቃል «የሥራዎች ስሞች» ማለት ነው። ግብጻዊው ጓደኛችን ግን «ኢስም ቲጃሪ» ይል ነበር፤ ይህም ከአማርኛው «የንግድ ስም» ጋር ፍጹም የተካከለ ነው። ቋንቋው አንድ ሲሆን ስያሜው የተለየበት ምክንያት በሕጎቹ ታሪክ ይገኛል። ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ የጣምራ አገዛዝ ሥር ሳለች በ1931 ያወጣችው የንግድ ስም ምዝገባ ሕግ መንገዱ የእንግሊዝ ነው። በእንግሊዝኛ «ቢዝነስ» ሰው የሚጠመድበት ሥራ ማለት ስለ ሆነ፣ ተርጓሚው «አዕማል» አለ። ግብጽ ግን የንግድ ሕጓን ከፈረንሳይ የቀዳች ስለ ሆነች፣ በ1951 ያወጣችው ቁጥር 55 ሕግ የፈረንሳይኛውን የንግድ ስም በቀጥታ ይከተላል። ስለዚህ እኛና ግብጾች የተስማማነው ምንጫችን አንድ ሆኖ ነው። በአማርኛ የተለመደው «የንግድ ሥራ» የሚለው አነጋገር ግን ሁለቱን ዐረብኛዎች አጣምሮ ይዟል።

ከቃሉ በታች ያለው ልዩነት ይልቁን የጠለቀ ነው። እንግሊዞች በ1916 ዓመተ ምሕረት እንደ አቆጣጠራቸው፣ በዓለም ጦርነት መካከል፣ የንግድ ስሞችን ምዝገባ ሕግ ሲያወጡ ዐላማቸው ከስሙ በስተጀርባ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ነበር። በራሱ እውነተኛ ስም የሚነግድ ሰው እንዲመዘገብ አይገደድም፤ በሌላ ስም የሚነግድ ግን ራሱን መግለጥ አለበት። በፈረንሳዩ መንገድ የሄዱት ሕጎች ደግሞ ስሙን እንደ ሀብት ያዩታል፤ የመደብሩ ክፍል ስለ ሆነ ይጠበቃል፣ ከመደብሩም ጋር ይሸጣል። በአንደኛው መዝገቡ ጭምብል መግለጫ፣ በሁለተኛው ርስት ማስከበሪያ ነው። ይህን ያልለየ ተርጓሚ ቃላቱን ሁሉ በትክክል መልሶ ሕጉን ሊስት ይችላል።

የመዝገቡ ስያሜ እንኳ ይህን ያስታውሰናል። ዐረቦች የንግድ መዝገብን «ሲጂል ቲጃሪ» ይሉታል፤ ሊቃውንት «ሲጂል» የሚለውን ቃል ከላቲኑ «ሲጊሉም» ማለት ከማኅተም ያመጡታል። የኛ «መዝገብ» በግዕዝ ሀብት የሚከማችበት ግምጃ ቤትና የተከማቸው ሀብት ራሱ ነው። እነርሱ በማኅተም የጸናውን ጽሑፍ፣ እኛ ተጠብቆ የተቀመጠውን ነገር አስቀደምን፤ ሥራው ግን ያው ስለ ሆነ አንዱን በሌላው መመለስ ያለ ስጋት ይቻላል።

ስለ ማኅበራት የሚነገሩት ቃላትም ብዙዎቹ ቀላል ናቸው። ዐረብኛው ኩባንያን «ሸሪካ» ይለዋል፤ ይህ ቃል «ሸሪክ»ና «ሽርክና» ሆኖ በገበያችን ከቈየ በኋላ የንግድ ሕጉ «የሽርክና ማኅበር» ብሎ ተቀበለው። ነገር ግን የቃሉ መምሰል እንዳያሳስት መጠንቀቅ ይገባል፤ በዐረብኛ ለኩባንያ ሁሉ የሚነገረው ቃል በአማርኛ ለአንዱ ዐይነት ብቻ ቀርቷል። «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው ከዐረብኛው «መሕዱድ» ጋር ይገጥማል። ለአክሲዮን ማኅበር ዐረቦች «ሸሪካ ሙሳሃማ» ይላሉ፤ ሥሩ «ሳህም» ሲሆን ፍላጻን፣ ዕጣንና ድርሻን ያመለክታል። እኛ በእጃችን «ዕጣ» እና «ድርሻ» እያሉን ከአውሮፓ «አክሲዮን»ን ወሰድን።

አስቸጋሪው ፈረንሳዮች «ፎን ደ ኮሜርስ» የሚሉት ነው። ሕጉ ይህን የማይዳሰስ ሀብት ይለዋል፤ ስሙ፣ ደንበኞቹ፣ የኪራይ መብቱና ዕቃው ባንድነት ተይዘው ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ቢዝነስ» ብሎ አለፈው። ዐረብኛው «መሐል ቲጃሪ»፣ አማርኛውም «የንግድ መደብር» አለው፤ ሁለቱም ቃላት በተራ ሰው ጆሮ ቤትን ያመለክታሉ። በደብረ ሲና አውራ ጎዳና ላይ ያለ ባለ ሱቅ መደብሩን ሸጠ ቢባል፣ ሰሚው ግድግዳውንና ጣራውን እንጂ ስሙንና ደንበኞቹን አያስብም። ስለዚህ በዚህ ቦታ አንድ ቃል አይበቃም፤ ተርጓሚው «ስሙንና ደንበኞቹን ጨምሮ» የሚል ሐረግ ሊያክል ይገባዋል። ደንበኛን የሚስበውን የንግዱን ክብር ዐረቦች «ሹህራ»፣ እኛ «መልካም ዝና» እንለዋለን፤ እነዚህ ሁለቱ ከገበያው የተወሰዱ ስለ ሆኑ ማንንም አያደናግሩም።

የሰውና የቦታ ስም

ከሙያ ቃላት ወደ ሰው ስም ስንመጣ ችግሩ ይጸናል። የ1916ቱ የእንግሊዝ ሕግ የተመሠረተው የቤተ ሰብ ስምንና «ክሪስቺያን ኔም» የሚባለውን የግል ስም በመለየት ላይ ነው። በይፋት ክርስቲያኑም እስላሙም የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተ ሰብ ስም የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው ቁጥር እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ቢደነግግም፣ ሕዝቡ በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። በሱዳንም ልማዱ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ማስከተል ነው። ዐረብኛው «ለቀብ» ለቤተ ሰብ ስም መተርጐሚያ ሆኖ ይሠራበታል፤ ነገር ግን በቀድሞው ትርጉሙ ቅጽል ስምና የማዕርግ ስም ስለ ሆነ፣ የሰውዬው መልስ እንደ አረዳዱ ይለያያል።

«ክሪስቺያን ኔም» የሚለው ደግሞ ቃል በቃል «የክርስትና ስም» ተብሎ ወደ አማርኛ ቢመለስ ስሕተቱ ትልቅ ነው። የኛ የክርስትና ስም በጥምቀት የሚሰጥ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚጠሩበት ነው። በገበያ በአንድ ስም የታወቀች ሴት ወለተ ማርያም ተብላ ብትመዘገብ፣ ባለ ዕዳዋም ባለ ገንዘቧም አያውቃትም። ለእስላሙ ነጋዴ ደግሞ ጥያቄው ፈጽሞ መልስ የለውም። እንግሊዝኛው ሊል የፈለገው «የራስ ስም» ነው፤ በዐረብኛም «የመጀመሪያ ስም» ማለት ይበቃል።

የፊደል ነገር ከዚህ ይከተላል። ዐረብኛ «ጨ»ን፣ «ጰ»ን፣ «ኘ»ን የሚጽፍበት የራሱ ፊደል የለውም፤ ጴጥሮስ «ቡጥሩስ» ይሆናል። «ገ»ን አንዱ ጸሐፊ በጂም፣ ሌላው በቃፍ፣ ሌላው በጋይን ይጽፋታል፤ ስለዚህ ገብሬ የሚባል አንድ ሰው በሦስት መዝገብ ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል። ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ስንመለስ ግን ፊደላችን ከሚታሰበው በላይ ባለጠጋ ነው። የዐረብኛውን «ሓእ» በሐመሩ ሐ፣ «ኻእ»ን በብዙኃኑ ኀ፣ «ሃእ»ን በሃሌታው ሀ፣ «ዐይን»ን በዓይኑ ዐ መለየት ይቻላል። በአማርኛ አነጋገር ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ የመዝገብ ጸሐፊዎች እንደ መጣላቸው ይጽፏቸዋል፤ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ የሚሉት አጻጻፎች አንድ ስም መሆናቸውን ሰው ቢያውቅም፣ በፊደል የሚፈልግ መዝገብ አያውቀውም። ለአንድ ነጋዴ ይህ በባንክ ገንዘቡን፣ በጉምሩክ ዕቃውን፣ በፍርድ ቤት ማስረጃውን የሚያስቆም ነገር ነው።

የቦታ ስም የንግድ ስም ሲሆን ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ለምሳሌ ደብረ ሲናን ራሷን እንውሰድ። በስሟ የተጠራ አንድ ሆቴል ስሙን በዐረብኛ ሊያስጽፍ ቢፈልግ፣ ተርጓሚው ደብር በግዕዝ ተራራ መሆኑን አውቆ «ጀበል ሲና» ይለዋል። ሁለተኛው የዐረቦቹን የቈየ ስያሜ መርጦ «ጡር ሲና» ይላል። ሦስተኛው ደብር ገዳም ነው ብሎ «ደይር ሲና» ያደርገዋል። ሦስቱም ስለ ቃሉ አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን አንባቢው ወደ ግብጽ ምድር ሄደ፣ የሸዋዪቱ ከተማም ጠፋች። «ደብረ ሲና» ተብሎ በድምፁ ቢጻፍ ኖሮ ስሙ ከባለ ቤቱ ጋር በቈየ ነበር።

ይህ ለክብር ብቻ የሚባል አይደለም። በደብረ ሲና በኩል ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ቆሎዋን ያውቃል፤ በመንገድ ዳር የሚሸጡት ሰዎች ያቆሙት መልካም ዝና ያለው በከተማዪቱ ስም ውስጥ ነው። ያ ስም በሌላ ስፍራ በአንድ ሰው ሱቅ ላይ ተጽፎ ለርሱ ብቻ የተመዘገበ እንደ ሆነ፣ ዝናው ከሠሩት እጅ ይወጣል። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ እንዲመዘገቡላት መጠየቋና በዚሁ ምክንያት ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተከራክራ በ1999 ዓ.ም. መስማማቷ የቦታ ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ ለሥራ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። መጀመሪያ፣ የምዝገባ ቃላት የሚሰበሰቡበት ዝርዝር በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ጐን ለጐን ሲዘጋጅ፣ ዐረብኛው ከግብጽ ወይስ ከሱዳን ሕግ እንደ ተወሰደ በየቃሉ አንጻር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የሰውና የቦታ ስም የሚሻገርበት አንድ የፊደል ሠንጠረዥ ይወሰን፤ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በዚህ ረገድ ሥራ ያገኛሉ። ሦስተኛ፣ ነጋዴው ስሙን ባስመዘገበ ጊዜ የሦስቱም ፊደል አጻጻፍ በዚያው ገጽ ላይ ይስፈርለት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ተርጓሚ እንደ ወደደ እንዳይጽፈው። የአልዩ አምባ ነጋዴ ስሙን የሚመሰክሩለት ዋሱና ደላላው ነበሩ። የዛሬው የደብረ ሲና ነጋዴ ዕቃው ጅቡቲ ወይም ፖርት ሱዳን ላይ ሲደርስ የሚመሰክርለት ያ ገጽ ብቻ ነው።